እናቴ ስለ ፒቱታሪ የሰማች ቀን

ሳይንስ የሰው ቤት ያፈርሳል! አትሳቁ... የእኔን አፍርሶታል። ለተማሪ አስተምሩ፣ ለአለቃችሁ ሪፖርት ጻፉ፣ ካሻችሁ ለአህያም አብራሩ፤ እናታችሁ በተቀመጠችበት አዳራሽ ግን ስለ ሴል አንዲት ቃል እንዳትተነፍሱ!

እኔ ሐረር ተወልጄ፣ ሐረር አድጌ፣ እዚያው ሐረር ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ሲሆን የምኖረው ከእናቴ ጋር ነበር። እሷ ሸሚዜን ትተኩሳለች፣ እኔ እለብሳለሁ፤ እሷ ታጎርሰኛለች፣ እኔ እውጣለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ያስቀና ነበር። ሁለት ጊዜ ዕድገት ያለው ዝውውር መጥቶልኝ "እናቴን ለማን ትቼ?" ብዬ መልሻለሁ። እናንተ "እንዴት ያለ አሳቢ ልጅ ነው!" ትሉ ይሆናል... እባካችሁ በዚሁ ቀጥሉ።

ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን ሲያዘጋጅ ርዕሰ መምህሩ፣ "ወላጆች ስለሚመጡ ለሁሉም የሚገባ ነገር አቅርብ" አለኝ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ስለ ፒቱታሪ ዕጢ አንድ አዲስ ጥናት አንብቤ አፌን እየበላኝ ነበር። ከአንጎላችን ሥር የተንጠለጠለ፣ ሽምብራ የሚያህል ነገር ነው፤ ግን ከቁመታችን እስከ እናት ጡት ወተት ድረስ የማያዝዝበት የለም።

እናቴና የልብ ጓደኛዋ እማማ ሐሊማ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። "በዚህ ዕጢ ውስጥ" አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ስቴም ሴል የሚባሉ፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው ሴሎች አሉ። በፕሮቲን እርስ በርስ ተቆላልፈው ሰፈራቸው ውስጥ ይቀመጣሉ።" ነገሩን በዓይን ለማሳየት በጎ ፈቃደኛ ስጠይቅ ማን ብድግ ቢል ጥሩ ነው? እናቴ! በቀኟ እማማ ሐሊማን፣ በግራዋ የኬሚስትሪ መምህርቷን ሰናይትን ክንድ ለክንድ ቆልፋ ቆመች።

"አሁን መልእክት መጣ እንበል" አልኩ። "መያያዙ ይላላል፤ ሴሉ ከሰፈሩ ወጥቶ ሆርሞን የሚሠራ ቁም ነገረኛ ይሆናል። እማዬ፣ ሰናይትን ልቀቂያት።"

"ለምን እለቃታለሁ?"

"መልእክት መጥቷላ!"

"ለእኔ አልደረሰኝም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቁ ሞቅ አደረገኝና፣ "አያችሁ? የሚለቀው ያጣ ሴል ዕድሜ ልኩን ጨቅላ ሆኖ ይቀራል!" አልኩ።

"እንደ ቲቸር!" አለ አንድ ተማሪ ከኋላ።

ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የሰናይትን ክንድ ቀስ ብላ ለቀቀች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልብሴ በሁለት ሻንጣ ታጭቆ በር ላይ ቆሟል። አጠገቡ እማማ ሐሊማ ቆመዋል።

"ልጄ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ የአክስቴ ልጅ ቤት አንዲት ክፍል አግኝተንልሃል" አሉኝ። "ማሻአላህ፣ ንጹሕ ነች።"

"እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አልኩ ደጃፉ ላይ ወደቆመችው እናቴ ዞሬ።

"አንተ ምንም አላጠፋህ። ይዤ ያስቀረሁህ እኔ ነኝ።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ያን ዝውውር ስትመልስ ሁለቴም ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ..."

ሆዴ ባባ። ግን የባባ ሆድ ሽሮ አይሠራም! "እማዬ፣ ጥናቱ እኮ የተሠራው በአይጥ ላይ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"አይጥ የቻለችው አንተን ያቅትሃል?"

"ወላሂ እውነቷን ነው" አሉና እማማ ሐሊማ አንዱን ሻንጣ አነሱ።

የመጀመሪያውን ሳምንት አትጠይቁኝ። አልጋዬ በዚያ ጠባብ መንገድ አላልፍ ብሎ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ መከረበት። ሽሮው አረረ። ሸሚዜ አንገቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ይዞ ቀረ። ሰናይት አይታው፣ "ይሄም ለሳይንስ ቀን ነው?" አለችኝ። ስንት ዓመት አብረን ስናስተምር ከ"ጠመኔ አለሽ?" የዘለለ አውርቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ስለ ካውያ አንድ ሰዓት አወራን።

እዚያ አዳራሽ አንድ ሌላ ነገርም ለፍልፌ ነበር፤ እነዚህ ሴሎች ራሳቸው እምብዛም አይባዙም፣ ለጎረቤቶቻቸው ግን "ተባዙ" የሚል መልእክት ይልካሉ ብዬ። እናቴ ይህቺንም ይዛታለች! ለካ በየሳምንቱ ትምህርት ቤት እየመጣች ለሰናይት፣ "ልጄ ብቻውን ነው፣ ከስቷል፣ ደግሞ ፀባዩ ጥሩ ነው" ትላት ኖሯል። እኔ ሽሮ ሳላሳርር መሥራት የቻልኩ ዕለት ሰናይት ቀምሳ፣ "አሁን ለሰው ትደርሳለህ" አለችኝ። በዓመቱ ተጋባን።

ከሠርጉ በኋላ እናቴ ብቻዋን እንዳትተክዝ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ሙዝ ገዝቼ ሄድኩ። የከፈተልኝ አርባ ዓመት የሚጠጋው፣ ሸሚዙ ምላጭ እስኪመስል የተተኮሰ ሰው ነው። ለካ በዚያው ሰሞን ከጎንደር ሐረር ወዳለ ሌላ ትምህርት ቤት ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር የእኔን ክፍል ተከራይቷል። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "ማንን ፈልገው ነው?" አለኝ።

"ልጄ፣ ማነው?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ" ልል አፌን ስከፍት ሰውዬው ቀደመኝ።

"የማላውቀው ሰው ነው፣ እማዬ!"