ከመስታወት ሣጥን የወጣች ኳስ

የአንድ ሰው ፊርማ ያረፈበትን ዕቃ ሁሉ የሚሰበስብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አራዳ ውስጥ አጥር እጋራለሁ። ጎረቤቴ አቶ ደርሶ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ የተማረ ሰው ነው። በልጅነቱ ሲያጨበጭብላቸው የኖረውን የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች፣ የአያ ታፈረን ማልያና ጫማ፣ ፎጣቸውን ሳይቀር አስፈርሞ ሳሎኑን ሞልቶታል። ከሁሉም የምትከበረው ግን በመስታወት ሣጥን የተቀመጠችው ኳስ ነበረች። ዋጋዋን ብትጠይቁት «የማክሰኝት ገበያ በሬ ሁሉ ቢነዳ አይገዛትም» ይላችኋል። ልግዛት ያለው ማን እንደሆነ እንግዲህ እግዜር ይወቅ!

ባለፈው እሑድ አያ ታፈረን ምሳ ጋበዛቸው፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። በሩን በጣም ጎንበስ ብለው ገቡና ሣጥኑ ፊት ቆሙ።

«ምነው አሰርሃት? ሸጋ ኳስ ናት እኮ!»

ይህን ብለው አወጧትና ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ ላይ ያነጥሯት ጀመር።

ደርሶ ክው አለ። «ኧረ አያ፣ ፊርማው!»

«እሱን ተወውና ና ቀማኝ!»

መጀመሪያ የሮጠው ፊርማውን ለማዳን ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ቦርጩን ይዞ እየዘለለ፣ እየሳቀ፣ ከምሩ ይታገላቸው ጀመር። በመጨረሻም ነጠቃቸው! ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ።

ኳሷን ስናያት ፊርማው ተፍቆ አልቋል። ላጽናናው ብዬ እንደገና እንዲያስፈርምባት እስክሪብቶ ባቀርብለት እያለከለከ ገፋው።

«ስቀማቸው አይተሃል አይደል?»

«አይቻለሁ እንጂ!»

«እንግዲያው ለሰው ሁሉ ንገርልኝ።»

ይኸው ነገርኳችሁ።