ባምቦ ማቴዌሬ እና የማዪ ናሲቤኮ ድንጋይ

እግዚአብሔር ተራራን የፈጠረው ለሦስት ፍጡራን ነው፤ ለዝንጀሮ፣ ለጉም እና ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ለሚያጉላላ ፎቶ አንሺ። ዝንጀሮውን በድንጋይ ያባርሩታል፤ ጉሙም ቢዘገይ ረፋድ ላይ ይነሳል። ፎቶ አንሺው ግን ወይ አይባረር፣ ወይ አይነሳ። የትም ከተማ ብትሄዱ አንድ አይጠፋም። አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ትከሻው ላይ ባለሦስት እግር ማቆሚያ፣ አፉ ላይ ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ፦ «ቆዩ!»

ለእኛ ለዞምባ ከተማ ሰዎች የደረሱን ክቡር ባምቦ ማቴዌሬ ናቸው። ፊት ለፊት «ባምቦ» የምንላቸው ለአባት በሚገባ ወግ ነው፤ ዞር ሲሉ ግን ስማቸው ሊቀ ካሜራ ነው። ሠላሳ ዓመት መሬት ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያኔ መሬቱን በገመድ ይለኩት ነበር፤ አሁን አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይለኩታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በላይ ወዳለው አምባ የምንወጣ አራት አምስት ሰዎች ራሳችንን የፎቶ ማኅበር ብለን ሰይመናል። እውነቱን ለመናገር፣ ባምቦ ማቴዌሬ ፎቶ እስኪያነሱ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ማኅበር ነው።

«ባምቦ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ እኮ» ትላለች ነርሷ ቲያሚኬ፣ ምሳችን ቀርቦ ሁላችንም ምራቃችንን ስንውጥ።

«የቀዘቀዘ ዓሣ ይሞቃል። ያመለጠ ብርሃን በየትኛው ምድጃ ይሞቃል?»

አንድ ቀን ፏፏቴው ሥር ዶፍ ወረደብን። ያለን ጃንጥላ አንድ ነበር። ካሜራው ተጠለለ። «እኔስ ባምቦ?» ብላቸው «አንተማ ትደርቃለህ!» አሉኝ። ሌላ ቀን በሆዳቸው ተኝተው አንዲት ጥንዚዛ ፊቷን እስክታዞር ሲጠብቁ፣ አንድ የደን ጠባቂ የሞቱ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባቸው ቆመ። «ጥላህን አንሳ!» ብለው ሲጮሁበት እግሬ አውጪኝ አለ፤ እስከ ዛሬ በዚያ በኩል አያልፍም። ከጉዞ ስንመለስ ደግሞ የአንዱን ፏፏቴ ስልሳ ሦስት ፎቶ ተራ በተራ ያሳዩንና «ልዩነቱን አያችሁ?» ይላሉ። አየን እንላለን። አላየሁም ያለ ሰው ከአንድ እንደገና ይጀመርለታል።

እኝህን ሰው የሚችላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ማዪ ናሲቤኮ የሚባሉ ሴት ናቸው፤ «ማዪ» የምንላቸው ለእናት በሚገባ ወግ ነው።

አምባው ጫፍ ላይ፣ ከሜዳው ማዶ የሙላንጄ ተራራ በሚታይበት ቦታ፣ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ አለ። ከጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን እሱ ላይ ያሳርፋሉ። መሬት ላይ ካወረዱት መልሶ ራሳቸው ላይ የሚያወጣላቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ከድንጋዩ ላይ ግን ጎንበስ ብሎ መነሳት ብቻ ነው። ማዪ ናሲቤኮ ስልሳ ያለፋቸው እንጨት ሻጭ ሲሆኑ ድንጋዩን የወረሱት ከእናታቸው ነው። ባምቦ ማቴዌሬ ደግሞ ሙላንጄ በትክክል የሚታየው ከዚያ ድንጋይ አጠገብ ብቻ ነው ብለው ፈርደዋል። የቀያሽ ፍርድ ነውና ይግባኝ የለውም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ብርሃኑ ይመጣል። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ማዪም ይመጣሉ።

«ማዪ፣ እባክዎ ትንሽ ወደዚያ!»

«ወዴት? ወደ ገደሉ?»

«ፎቶዬ ውስጥ ገቡብኝ እኮ!»

«እርስዎ ነዎት እንጂ ድንጋዬ ላይ የመጡብኝ! አንቱ ሰውዬ፣ ለመሆኑ ተራራው የአባትዎ ርስት ነው?»

«የአባቴ ቢሆንማ ይኼኔ አጥሬዋለሁ!»

«የአጥሩንም እንጨት የሚገዙት ከእኔ ነበር!»

አራት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው፣ እንዲህ በእርስዎ በእርስዎ ሲሰዳደቡ ሰምቻለሁ።

ጠቡ ለባምቦ ቀልድ አልነበረም። በአካባቢያችን የሻይ ገበሬዎች ማኅበር በየዓመቱ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያሳትማል፤ የሽፋኑንም ፎቶ በውድድር ይመርጣል። ሽፋኑ ላይ የወጣ ፎቶ በየዳቦ ቤቱና በየፀጉር ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ይኖራል። ባምቦ በዚህች ምድር የቀራቸው ምኞት ይኸው ነው። የውድድሩ ደንብ ደግሞ አጭር ነው፦ መልክዓ ምድር ብቻ፤ ሰው አይግባበት። ሦስት ዓመት ላኩ፣ ሦስት ዓመት ተመለሰባቸው። የመጀመሪያው ፎቶ ጥግ ላይ የማዪ እንጨት ብቅ ብሏል። ሁለተኛው ላይ የማዪ ክርን አለ። ሦስተኛውን፣ አጉልተን መርምረን ሰው የለበትም ብለን የማልንለትን፣ ዳኞቹ የማዪ ጥላ ሣሩ ላይ ተጋድሞ አገኙበት። «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» የሚል ደብዳቤም ጨመሩበት።

«እኚህ ሴትዮ ብሞት እንኳ አይተዉኝም» አሉ ባምቦ ደብዳቤውን እያጠፉ። «መቃብሬ ላይ እንጨት ያሳርፋሉ።»

ዘንድሮ ፎቶ የማስገቢያው ቀን ሰኞ ያበቃ ነበር። ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ሙሉ ቺፔሮኒ የምንለው የብርድ ካፊያ አገሩን ሸፍኖት ከረመ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ካፊያው አቆመ። ቲያሚኬ ተረኛ ስለነበረች፣ ሌሎቹም ጭቃውን ፈርተው ስለቀሩ፣ ከባምቦ ጋር የወጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ልክ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከኋላችን ወጣችና ሙላንጄ ከእግሩ እስከ ራሱ ታየ። ስንጥቁ ሁሉ ይቆጠራል። በአራት ዓመት እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ባምቦ ዓይናቸውን ካሜራው ላይ፣ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው መንገዱን አዩ።

«ማዪስ?»

«የሉም! ደስ አይልዎትም? ያንሱት እንጂ!»

ጎንበስ አሉ። እንደገና ቀና አሉ። «ያለፈው ቅዳሜ መጥተው ነበር?»

«መጥተዋል። ተሳድበዋልም።»

«ያስላቸው ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ! ባምቦ፣ ብርሃኑ!»

በዚህ መሀል አንዲት ወጣት እንጨት ተሸክማ ስታልፍ አስቆሟት። «ማዪ ናሲቤኮ? ተራራ ካልወጡ እኮ ሦስት ቀን ሆናቸው» አለችና መንገዷን ቀጠለች። ባምቦ ካሜራውን ከማቆሚያው መፍታት ጀመሩ።

«ኧረ በፈጣሪ! አንዴ መጫን ምን ይፈጃል?»

«ሰው ታሞ እንደሆነስ? አንተ ብርሃን ብርሃን ትለኛለህ?»

አራት ዓመት ብርሃን ብርሃን እያሉ ያደነቆሩኝ ሰውዬ! ካሜራውን ከእጃቸው ልቀማ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ ማዪ ቤት ቁልቁል ተንደረደሩ። በየአበባው እየቆሙ ሦስት ሰዓት የሚፈጁበትን መንገድ በሠላሳ ደቂቃ ጨረሱት። አንድ ዝንጀሮ ልጇን አዝላ መንገዳችን ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም። ከኋላቸው እያዳለጠኝ ስሮጥ አንድ ነገር ገባኝ፤ እኚህን ጨቅጫቃ ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ።

ማዪ ናሲቤኮ ደጃቸው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቁርጭምጭሚታቸው በጨርቅ ተጠምጥሟል። አጠገባቸው የስኳር ድንች ድስት ይንተከተካል።

«ምነው? ሰው ሞተ?» አሉ ስናለከልክ አይተው።

«እግርዎን ምን ነካው?» አሉ ባምቦ።

«ጭቃው ነዋ! አዳልጦኝ ወለም አለኝ። ደግሞ ለዚህ ነው ሩጫው?» ባምቦን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «መቼም ዛሬ የሚጋርድዎት አልነበረም። አነሱት?»

ባምቦ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ የሌለበትን አቧራ አራገፉለት።

«ተራራው ጉም ለብሶ ነበር» አሉ።

ማዪ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ከዳር እስከ ዳር ጥፍር የምታህል ደመና የለችም። ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ድስቱን ከፍተው ሲያማርጡ ቆዩና ትልቁን ስኳር ድንች አውጥተው፣ እፍ እፍ ብለው አብርደው ባምቦ እጅ ላይ አኖሩት። ለእኔ ነቀዝ የጀመራት ቀጭኗ ደረሰችኝ፤ ቅርም አላለኝ።