ካርቶን የማይጥሉት ጋሽ አስረስ

ጋሽ አስረስ በየማለዳው ፊታቸውን ከመታጠባቸው በፊት ወደ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ይሄዳሉ። ዳንቴሉን በሁለት ጣት ገለጥ ያደርጉና ከሥሩ ያለውን በእጃቸው ጀርባ ይነኩታል፤ የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። ከዚያ ዳንቴሉን መልሰው ያስተካክላሉ።

በየሰፈሩ ዕቃ ገዝቶ ካርቶኑን የማይጥል አንድ ሰው አለ። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ያረጃል፤ ሶፋው ከነሽፋኑ ልጅ ያሳድጋል። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም፣ በእኛ ብሎክ፣ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የተረከቡት ክቡር ጎረቤቴ ጋሽ አስረስ ናቸው። ካውያቸው ከተቃጠለ አራት ዓመቱ ነው፤ ካርቶኑ ግን ዛሬም ቁም ሣጥን ላይ በክብር ተቀምጧል።

ታዲያ በፕሌይስቴሽን ኳስ የምትጋጠማቸው አንድ ልጃቸው ቡዜ፣ «አባዬ፣ አሁን እኮ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ መኖር የለበትም፤ ጌሙ በኢንተርኔት ይመጣል» ስትላቸው ቤቱ ተናወጠ።

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«እኔ እንጃ፣ ውጭ አገር ካለ ኮምፒውተር።»

«የማን ነው?»

«በየወሩ እስከከፈልክ ድረስ ያንተ ነው።»

«እሱማ ኪራይ ነው! ከኪራይ ለመውጣት ስንት ዓመት ዕጣ ጠብቄ፣ አሁን ደግሞ ኳስ ልከራይ?»

ከዚያ ወዲህ ያላስተማሩት ሰው የለም። የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊታቸው የቆመውን ትከሻ ነካ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ ዳስሰኸው የማታውቀውን ዕቃ የኔ ትላለህ?» ይላሉ። ሰውዬው ኪሱን ይዳብሳል።

ባለፈው መስከረም ቡዜ አገባችና ሀና ማርያም ገባች። ጋሽ አስረስ ፕሌይስቴሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው መኪና ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት። «በላስቲክ ሸፍኚው» አሏት። ለእሳቸው የቀረው ካርቶኑ ነው። በየማለዳው ዳንቴል ሥር የሚነኩት እሱን ነው፤ ባዶውን።

ከዚያም የኪራይ ጠላት ያንኑ በኢንተርኔት የሚመጣውን ጌም ተከራዩ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡዜ እዚያ በፕሌይስቴሽኑ፣ እሳቸው እዚህ በተከራዩት፣ ስልካቸውን ከፍተው እያወሩ ኳስ ይጋጠማሉ። ዋይፋዩን የሚጋሩት ከእኛ ቤት ነው፤ ስለዚህ «ተቋረጠ! ይኸው! አላልኩም?» የሚለው ጩኸታቸው ከታች በተሰማ ቁጥር የምሸማቀቀው እኔ ነኝ።

አንድ እሑድ ጩኸቱ ሲበዛብኝ ራውተሩን አየሁት። መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ መስመሩ አለ። ያም ሆኖ ይቅርታ ልጠይቅ ወረድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሽ አስረስ ሦስት ለአንድ እየመሩ ነው፤ ሥዕሉ እንደ ውሃ ጠርቷል፤ የቀረው አንድ ደቂቃ ነው። አውራ ጣታቸውን አንሥተው፣ ቀስ ብለው፣ ጨዋታውን ዘጉት።

«ተቋረጠ!»

«አባዬ ደግሞ? ሦስተኛህ እኮ ነው!» አለች ቡዜ ከስልኩ።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የኪራይ ነገር! በይ ከዜሮ እንጀምር። ለመሆኑ ምሳ በልተሻል? ያ ሳልሽስ?»

ቤት ያለ መሣሪያ ይህን ሰበብ ከየት ያመጣል? ግጥሚያው በሰዓቱ ያልቃል፤ «ቻው አባዬ» ይከተላል። በኪራዩ ግን አንድ ግጥሚያ እስከ አሥር ሰዓት ይዘልቃል።

ዘወር ሲሉ አዩኝ። ስለ እሳቸው እንደምጽፍ ያውቃሉ። ስልኩን በመዳፋቸው ከደኑት።

«ካርቶኑን ጻፊው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ላስቲኩንም ጻፊ። ተከራየ ብለሽም ሳቂብኝ። መስመሩ ደህና እንደነበር ብቻ ተይው።»