የቦረቦሩ ባለቤቶች

ሰው መንግሥት ቢሮ ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል? መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ ትዕግሥት። እኔ ቦረቦር ይዤ ሄድኩ።

ቀራንዮ ውስጥ በኔና በጎረቤቴ በሐጂ ከድር ግቢ መካከል ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይወርዳል። መጀመሪያ ትንሽ ቦይ ነበር፤ እያደር ፍየል የሚውጥ ቦረቦር ሆነ። ካቻምና አጥሬን በላው። ማድቤቴ ለመድረስ የቀረው ሦስት እርምጃ ብቻ! ሐጂን "ውሃው ከርስዎ ጣሪያ ነው የሚመጣው" ብላቸው "የለም፣ ቦረቦሩ ያንቺ ነው" አሉኝ። በዚሁ ተኮራረፍን። ሁለት ክረምት ሙሉ ሰላምታችን ሳል ሆነ፤ እሳቸው ሲያልፉ ያስላሉ፣ እኔም ሳልፍ አስላለሁ።

አንድ ቀን ወረዳው ግብርና ቢሮ አለው፣ አፈሩ ለተሸረሸረበት ሰው ይረዳል ሲሉኝ ሳቅኩ። ታክሲ ስንሰለፍ የምንውል ሰዎች ምን ግብርና አለን? ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሄድኩ።

ዘበኛው ራሱ "እናቴ፣ ግብርና ከሆነ የሚፈልጉት ገጠር ይሻልዎታል" አለኝ። ሦስት ፎቅ ወጥቼ፣ ሁለቱን መልሼ ወርጄ አገኘሁት። ሰልፉ ሁሉ ጫጩት ፈላጊ ነው። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ ዶሮ ነው ወይስ ላም ብላ ጠየቀችኝ።

"ቦረቦር አለኝ" አልኳት። ሰልፉ በሳቅ አለቀ።

ጥግ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ወጣት ግን ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። ሰናይት ትባላለች፤ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ናት። ለካ እሷ ጋ ሰው መጥቶ አያውቅም!

"ቦረቦር? እዚሁ ወረዳችን ውስጥ? ምን ያህል ይጠልቃል?" ዓይኗ በራ።

ሳላስበው ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። "ከኔ ቁመት ይበልጣል!"

በዚያው ቀን ቦት ጫማዋን አጥልቃ መጣች። ገብታ ለካች፣ አፈሩን ዘገነች፣ "ግሩም ነው!" አለች፤ ሙሽራ ያየች እንጂ ጉድጓድ ያየች አትመስልም። ድንጋዩም፣ ሽቦውም፣ የሳር ችግኙም በመንግሥት ነው፣ የቦረቦሩ ባለቤት ብቻ ይፈርም ስትል፣ ሐጂ ከራሳቸው አጥር በላይ ብቅ አሉ።

"ቦረቦሩ የኔ ነው" አሉ።

"ሐጂ! ያንቺ ነው ሲሉኝ አልነበረም እንዴ?"

"ተሳስቼ ነው። ከኔ ጣሪያ ነው የሚነሳው፤ አላህ ያያል።"

"በፍጹም! አጥር የተበላብኝ እኔ ነኝ!"

ሰናይት ስቃ ስታበቃ ሁለታችንንም አስፈርማ ገላገለችን።

ድንጋዩን አብረን ደረደርን። ሐጂ አንዱን ያነሱና ወገባቸውን ይዘው አሥሩን ያዛሉ፤ እኔ ሳሩን እተክላለሁ። ሐምሌ ላይ ያ ዶፍ ሲወርድ ሁለታችንም ጃንጥላ ይዘን ወጥተን ቆምን። ጎርፉ እየደነፋ መጣ፤ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ በረደ፤ ጭቃውን እዚያው ጥሎ እንደ ጨዋ ልጅ ቀስ ብሎ አለፈ። ሐጂ "ማሻአላህ!" ሲሉ እኔ "ሃሌ ሉያ!" አልኩ፤ ለማናችን እንደታዘዘ ግን እስካሁን አልታወቀም።

እንግዲህ "ችግራችሁን አትደብቁ" ብዬ ልመክራችሁ ነበር። ትናንት ግን ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤታችን አስቆመኝ። ግቢው ሜዳ ነው፤ ጎርፍ ዞር ብሎም አያየውም። በጣም ቅር ብሎታል።

"እትዬ አልማዝ፣" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለመሆኑ ቦረቦር ለማግኘት የት ነው የሚመዘገቡት?"