የአቶ ፈንታው ግማሽ ኪሎ

ሰኞ ጠዋት ምግብ መቀነስ ጀምሮ ሰኞ ከሰዓት ሱሪው እንዲሰፋው የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዳንዱ ከተማ ሁለት ሦስትም አለው። ለቆቦ ግን አንድ ይበቃታል፤ የእኛው ክቡር አቶ ፈንታው፣ የመናኸሪያው ስምሪት ኃላፊ፣ ብቻቸውን የሦስቱን ያህል ይቸኩላሉ።

እኔ ቆቦ እየኖርኩ ጎብዬ የማስተምር ሰው ነኝ። ስለዚህ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሚኒባሱ እስኪሞላ፣ ከአቶ ፈንታው ወንበር አጠገብ እቆማለሁ። ሚኒባስ ደግሞ የሚሞላው ደስ ባለው ሰዓት ነው። ተሳፋሪው ማጉረምረም ሲጀምር ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ዋጃ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ «ትዕግስት ነው ወገኖቼ! አንድ አንድ እያለ ይሞላል!» ይላሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ብለዋል። ሃያ ዓመት ሙሉም ከዚያ ወንበር አልተነሱም።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት፣ አንድ የአላማጣ መኪና ለመሸኘት ብድግ ሲሉ ምድር ዞረባቸውና ተመልሰው ዘፍ አሉ። ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሲስተር ፈሪሀ፣ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ተሰምታ የማታውቅ ነርስ፣ ግፊታቸውን ለካች፣ ስኳራቸውን አየች፣ ሚዛን ላይ አወጣቻቸው። መቶ አራት ኪሎ።

«ጋሽ ፈንታው፣ ግፊትዎ በጣም ከፍ ብሏል። ስኳሩም ሊጀምርዎ ነው» አለች። «ክብደት መቀነስ አለብዎት። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሱ በቂ ነው። በሦስት ወር ስድስት ኪሎ ይሆናል፤ ያኔ እንተያያለን።»

«ግማሽ ኪሎ!» አሉ እንደተሰደበ ሰው። «ሲስተር፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት እኮ ለአንድ ወጥ አይበቃም!»

«ይበቃል» አለች ሲስተር ፈሪሀ። «ብቻ አይቸኩሉ።»

ባጃጅ ውስጥ ስንገባ፣ ባጃጁ ወደ እሳቸው በኩል ዘመም እንዳለ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ አሥራ አምስት ኪሎ በሁለት ሳምንት። ማን እንደሆንኩ ታያታለች» አሉኝ።

ሰኞ ተጀመረ። በቅቤ የራሰው ፍርፍር ቀርቶ አንድ እንቁላልና ስኳር የሌለው ሻይ መጣ። ሻዩን እንደ ኮሶ ፊታቸውን አጨማደው ጨለጡት። ከዚያ ሦስት ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው አጥር ማዶ ወዳለው ወደ ሙህሲን መጋዘን ሄዱ። ሙህሲን የሽንኩርት ነጋዴ ነው፤ ጆንያ የሚመዝንበት ትልቅ ሚዛን አለው።

«እስቲ እየኝ» ብለው ወጡበት።

«መቶ አራት» አለ ሙህሲን።

«አሁንም?»

«ከመቼ ወዲህ ነው አሁንም?»

«ከጠዋት ወዲህ ነዋ! አንድ እንቁላል ብቻ እኮ ነው የበላሁት!»

«ሱብሃነላህ» አለ ሙህሲን፣ ሰዓቱን እያየ።

በዚያ ሳምንት ክቡርነታቸው ሚዛኑ ላይ አሥራ ሰባት ጊዜ ወጥተዋል። መጀመሪያ ጫማ አወለቁ። ቀጥሎ ቀበቶ፣ ቀጥሎ የቤት ቁልፍ፣ ቀጥሎ አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠለዋን ፊሽካ። ሚዛኑ አልሰማ ሲል ተበላሽቷል ብለው አስፈተሹት፤ ልክ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ የተፈተሸበትን ሽንኩርት ጠረጠሩ። ሾፌሮቹ እንደ ኳስ ውጤት ከመስኮት ብቅ እያሉ «ጋሼ፣ ስንት ገባ?» ይሏቸው ጀመር። የጎብዬ ተሳፋሪዎችም «ትዕግስት ነው ወገኖቼ!» ብለው የራሳቸውን ቃል መለሱላቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በሁለተኛው ሳምንት ዘዴ መጣ። በግንቦት ፀሐይ፣ ውሻው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በተኛበት ቀትር፣ የክረምት ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው ዘግተው መናኸሪያውን ስምንት ጊዜ ዞሩ። ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ከመቶ ሦስት ኪሎ በታች ወርደዋል። «ይኸው!» አሉ እጃቸውን ዘርግተው። ከዚያ ጉሮሯቸው ደርቆ ሁለት ትልልቅ የታሸገ ውሃ አከታትለው ጠጡና፣ ለማረጋገጥ ተመልሰው ወጡ። ላቡ ሁሉ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። ሚዛኑ ላይ ደርቀው ሲቀሩ ያየሁትን ፊታቸውን አልረሳውም።

አንድ ቀን ጨክኜ ጠየቅኋቸው። «ጋሽ ፈንታው፣ ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን ያለ አንዲት ቅሬታ ይጾማሉ። ይህ እንዴት ከበደዎት?»

«መምህር» አሉኝ እንደማዘን ብለው፣ «ጾም እኮ መፍቻው ቀን ይታወቃል።»

እንዲያው ልርዳቸው ብዬ በካሬ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሠራሁላቸውና የየቀኑን ኪሎ በነጥብ አያያዝኩት። መስመሩ እንደ ግራካሶ መንገድ ይጠማዘዛል፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ጠቅላላውን ለሚያየው ግን በአራት ሳምንት ወደ መቶ ሁለት ተኩል ወርዷል። እሳቸው ጠቅላላውን አያዩም። የሚያዩት የዛሬን ነጥብ ነው።

ነገሩ የፈረሰው ዋጃ ላይ በነበረ የዘመድ ሰርግ ነው። አብሬያቸው ነበርኩ፤ እውነቱን እመሰክራለሁ። ጥሬ ሥጋው ፊታቸው ሲያልፍ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ እንጀራ ወስደው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። የሙሽራው አጎት በግድ ሊያጎርሳቸው ሲሞክር እጁን ይዘው፣ «ወንድሜ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ፤ ይህን በቆላ ሰርግ ላይ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በማግሥቱ ጠዋት እንደ ጀግና እየተንጎራደዱ ወደ ሙህሲን ሄዱ።

«መቶ ሦስት» አለ ሙህሲን ቀስ ብሎ።

ጫማቸውን ሳያስሩ ወጡ። በቀጥታ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት ገብተው ጥብስ አዘዙ፤ ሲያልቅ ደገሙ። በማግሥቱም እንዲሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ፣ «ጋሽ ፈንታው፣ ምነው?» ብላቸው፣ «ተወኝ መምህር። ብበላም መቶ ሦስት፣ ባልበላም መቶ ሦስት። እንግዲያው በልቼ ልሙት» አሉኝ። ለቀልድ ያሉት መስሎኝ ልስቅ ስል ዓይናቸው እርጥብ ሆኖ አየሁት።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ አስረሳሽ የነገራት ማን እንደሆነ እስካሁን ክርክር አለ። ሙህሲን እኔ ነኝ ይላል፣ እኔም እኔ ነኝ እላለሁ። ብቻ በዚያኑ ቀን፣ መናኸሪያ ረግጣ የማታውቀው ወይዘሮ አስረሳሽ ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና ወንበራቸው ፊት ቆመች።

«ሚዛኑ ምን አለህ?» አለቻቸው።

«ጨምረሃል አለኝ።»

«እሱ የሚያውቀው ሽንኩርት ነው። እኔ ልንገርህ። ተኝተህ ትንፋሽህ ቁርጥ ይልብህ ነበር። እኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ተመለሰ፣ አሁን ተመለሰ እያልኩ እጠብቃለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አደርኩ።»

«ሁለት ዓመት? ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ፈርተህ አትተኛም ብዬ ነዋ! ማታ ማታ ጠግበህ መተኛት ከተውክ ወዲህ ግን ትንፋሽህ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት አንድም ቀን አልነቃሁም። እኔ እንቅልፍ የጀመርኩት ገና አሁን ነው። ያን ጥብስህን ብላና እንደገና አስነሳኝ።»

ሾፌሮቹ ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ መመልከት ጀመሩ። አቶ ፈንታው ከወንበራቸው ተነሡና፣ «አስረሳሽ፣ ለምሳ ምን አለ?» አሉ።

«ጎመን» አለቻቸው፤ ተያይዘው ሄዱ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሙህሲን ሕግ አወጣ። «ጋሽ ፈንታው፣ ከዛሬ ጀምሮ የምመዝንዎት በየጁምዓው ብቻ ነው። በሌላ ቀን ከመጡ ወላሂ ሚዛኑን እቆልፋለሁ።» ክቡርነታቸው ማክሰኞ ማክሰኞ በመጋዘኑ በር አጠገብ ወዲያ ወዲህ ማለታቸው አልቀረም፤ ግን አልገቡም። ሦስት መቶ ግራም የወረደበት ጁምዓ ነበር፤ ምንም ያልወረደበትም ነበር። «ያው ነው ጋሼ፤ አብሽር» ሲላቸው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው «ይሁን» ማለትን ተማሩ። መኪናውንም ቆመው እየዞሩ መሸኘት ጀመሩ፤ ወንበሩን አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ወረሰችው።

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። ዘጠና ዘጠኝ ተኩል። «አራት ተኩል ብቻ! አንድ ተኩል ጎደለ!» ብለው ሊጮሁ ሲሉ ሲስተር ፈሪሀ አቋረጠቻቸው። «ጋሽ ፈንታው፣ ግፊትዎ ወርዷል። ስኳሩም ደህና ነው። የጎደለው ይደርሳል።»

እኔ በሳቅ እየፈረስኩ ሳለሁ ወደ እኔ ዞረች። «መምህር፣ እስቲ እርስዎም ክንድዎን ይስጡኝ።»

ሰጠኋት። ለካች። እንደገና ለካች። ከዚያ ጣቴን ወግታ ስኳሬን አየች። ሦስት ወር ሙሉ በሰው ሆድ ስስቅ የራሴን ያየልኝ አልነበረም። የእኔ ስኳር እንደ እሳቸው ሊጀምር አልነበረም፤ ጀምሮ ሰንብቷል። መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ደግሞ ክብደት መቀነስና በየቀኑ የእግር ጉዞ።

በማግሥቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ክቡር አቶ ፈንታው ናቸው፤ ሸራ ጫማ አድርገው፣ ፊሽካቸውን አንጠልጥለው። «ተነሥ መምህር» አሉኝ።

ወደ ዞብል ተራራ በሚያመራው መንገድ፣ በማሽላው መሐል፣ በየቀኑ መሄድ ጀመርን። በሦስተኛው ቀን፣ «ጋሽ ፈንታው፣ ትንሽ የቀነስኩ አልመሰለዎትም?» አልኳቸው። እኔ እንደሳቅኩባቸው ይስቁብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከላይ እስከ ታች በቁም ነገር አዩኝና፣ «ፊትህ ላይ ይታያል» አሉ። እንደማይታይ ሁለታችንም እናውቃለን።

ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ለመናገር ግን አፍራለሁ። ልክ እዚያ ቦታ ስንደርስ አቶ ፈንታው በየቀኑ ይቆማሉ። ድንጋይ ፈልገው ቁጭ ይሉና፣ «እኔ ደከመኝ መምህር፣ ትንሽ እንረፍ» ይላሉ።

አንዲት ጠብታ ላብ የላቸውም። ትንፋሻቸውም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ እስክረጋ ድረስ ማሽላውን እያዩ ይቀመጣሉ፤ አንድም ቀን እንሂድ ብለው ቀድመውኝ ተነሥተው አያውቁም።