ልዩቶ፦ አንዲት ቃልና አንድ ብልቃጥ ዳጣ

በየሰፈሩ «አላውቅም» የሚለውን ቃል ከናካቴው ያልተማረ አንድ ሰው አለ። የቧንቧ ብልሽት ይሁን የመንግሥት አዋጅ፣ የላም በሽታ ይሁን የጨረቃ ግርዶሽ፣ ጠይቁት፤ መልስ አያጣም። ሶዶ፣ እኛ ሰፈር፣ ይህን ወንበር የያዙት ቲቸር ኤርሳዶ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል ይባላል። የወጡት ግን ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ከማስተማሩስ አልወጡም።

ግዛታቸው ቃላት ናቸው፤ በተለይ ቅጽል። ስም አይከብዳቸውም፣ ግስም ያልፉታል። ቅጽል ሲያገኙ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መወልወል ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የቸኮለ ሰው መንገድ ቢቀይር ይሻለዋል። «እንደ አገባቡ ነው!» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ከዚህች ንግግር በኋላ ሻንቶ ከተማ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ስትመለሱ እሳቸው ገና መግቢያው ላይ ናቸው።

አንድ ቁርስ ቤት ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ስፔሻል ፉል» ብሎ አስጽፎ ነበር። ክቡር ቲቸር ገብተው አስተናጋጇን፣ ወጥ ቤቷንና ሦስት ተመጋቢዎችን ሰበሰቡ። «በዚህ አጻጻፍ ፉል ማለት ጅል ነው፤ እናንተ የምትሸጡት ልዩ ጅል በዳቦ ነው!» ከዚያ በጅልና በሞኝ፣ በሞኝና በየዋህ መካከል ያለውን ልዩነት ሲያብራሩ ፉሉ በረደ። ጽሑፉ እስከ ዛሬ አልተቀየረም።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ሌላውን «ደፋር» ብሎት ተጣሉና ሽማግሌ ተቀመጠ። ቲቸር «ደፋር ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?» ተብለው ተጠየቁ። መነጽሩ ወለቀ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠበኞቹ ተያይዘው ሲወጡ ታዩ። ማን ያስታርቀን ሳይሆን ከዚህ ሰውዬ ማን ያስጥለን ብለው ነው የታረቁት።

አሳየሽ የቲቸር የአጥር ጎረቤት ናት። መዝገብ ቤት ትሠራለች። ለእሷ አንድ ነገር አንድ ስም፣ አንድ ፋይል አንድ ቁጥር ይበቃዋል። ሃያ ዓመት ሙሉ በአጥሩ ላይ «ደህና አደሩ?» ባለች ቁጥር «ደህና» የሚለው ቃል ስንት ፊት እንዳለው ስትሰማ ኖራለች። ብዙ ጊዜ ሥራ እየረፈደባት መሆኑን ለመናገር እንኳ ክፍተት አታገኝም ነበር። እንዲያውም በኋላ በጓሮ በር መውጣት ለምዳ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ግን ራሷ ሮጣ የቲቸርን በር አንኳኳች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ሊድያ በነፃ የትምህርት ዕድል ሰርቢያ ሄዳ እዚያው ኔናድ የሚባል የአገሩን ልጅ ወደደች። ሠርጋቸው ወር ቀርቶታል። አሳየሽ ለኔናድ እናት፣ ለወይዘሮ ራድሚላ፣ ስጦታ ልላክ ስትል ሊድያ በስልክ አስጠነቀቀቻት። «እማዬ፣ የሀገር ልብስ ላኪ፤ ዳጣ ግን እንዳትልኪ! ሰዎቹ አይችሉትም።» አሳየሽ እሺ አለች። እሺ ብላም ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉንና ቃሪያውን ራሷ ፈጭታ፣ አንድ ብልቃጥ ዳጣ በልብሱ መሀል ጠቅልላ፣ እዚያው ሰርቢያ ለሚማር ለአንድ የቦምቤ ከተማ ልጅ አሸከመችው። የወላይታ እናት ልጇን ስትድር ጨርቅ ብቻ ልካ ዝም አትልም ብላ ነው።

አሁን ራድሚላ በስልክ መልስ ልካለች። መልሱ አንድ ቃልና አንድ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ሴትየዋ ፊቷ ቀልቷል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ቃሉን ስልኩ ሲያነበው «ልዩቶ» ይላል። በአማርኛ ተርጉምልኝ ስትለው ደግሞ «የተናደደ» አላት። ሊድያን እንዳትጠይቅ ዳጣውን መላኳ ሊወጣ ነው። የቦምቤውን ልጅ እንዳትጠይቅ የሰማውን ሁሉ ለሊድያ ነው የሚያወራው።

«ቲቸር፣ የልጄን ሠርግ አፈረስኩት» አለች ስልኩን ዘርግታ።

በር ላይ ባጃጁን ያቆመው ሀብታሙ አንገቱን አስግጎ አየ። «ልዩቶ? ልዩ ነው ማለቷ ነዋ!» አለ። ፎቶውን ሲያይ ግን ሐሳቡን ቀየረ። «አይ፣ ይሄስ ሴትዮ ተቆጥቷል።»

«ተቆጥታለች!» ሲሉ ጮኹ ቲቸር።

ያረሙት የሀብታሙን ሰዋስው ነበር። አሳየሽ ግን ፍርድ መሰላት፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ቲቸር ደንግጠው ወደ ውስጥ አስገቧት። ሰርብኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ይህ ግን አግዷቸው አያውቅም። የሰርብኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከስልካቸው ላይ ፈልገው፣ ያገኙትን በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፉ። የተቆጣ፣ ጨካኝ፣ መራራ፣ ብርቱ፣ ክፉ፣ የሚያቃጥል።

አሳየሽ ቆጠረቻቸው። «ደህናው አንዱ ብቻ ነው፣ የመጨረሻው። የቱ ነው ታዲያ?»

«እንደ አገባቡ ነው!» መነጽሩ ወለቀ። «ቅጽል ብቻውን አይቆምም፤ የሚገልጸው ስም ያስፈልገዋል። ሴትየዋ ስሙን አልጻፈችም። እኔ ተቆጣሁ ማለቷ ነው? ዳጣው ያቃጥላል ማለቷ ነው? ቁጣም ከሆነ ደግሞ…»

«ኧረ ቲቸር፣ አገባቡ ይቅርብኝ!» አለች አሳየሽ። «ልጄ ታገባለች ወይስ አታገባም?»

ቲቸር ስድስቱን ቃላት አዩ። ፎቶውን አዩ። ከዚያ በሰፈሩ ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ተናገሩ።

«አላውቅም።»

አሳየሽ ከዚያ በፊት ፈርታ ነበር፤ አሁን ግን ተስፋ ቆረጠች። ቲቸር ኤርሳዶ የማያውቁት ነገር ካለ በእርግጥ አልቋል ማለት ነው። ወሬው በሀብታሙ ባጃጅ እስከ መናኸሪያ ደረሰ።

ሁለት ቀን የቲቸር ድምፅ ጠፋ። ማንም አልታረመም። አሳየሽ ሰኞ ጠዋት ሆን ብላ በፊት በር ወጥታ «ደህና አደሩ?» ብትል መልስ የለም። እንደዚያ መሆኑ እንደሚከፋት አስባ አታውቅም ነበር። በኋላ እንደተሰማው ሰውየው ዱቦ ሚሲዮን ድረስ በሚኒባስ ሄደው አንዲት ጣሊያናዊት መነኩሲት ጠይቀዋል። መነኩሲቷ ሾርባ ጋብዘው፣ ሰርቢያ ከጣሊያን ባሕር ማዶ ሌላ አገር እንደሆነ ነግረው ሸኟቸው። ከዚያ ኢንተርኔት ቤት ገብተው የሰርብኛ ሰዋስው ሲያነቡ ዋሉ።

ሰኞ አመሻሽ ላይ አሳየሽ ቆጮና ዳጣ አቅርባ፣ ለመብላት ግን አቅም አንሷት ተቀምጣለች። ቲቸር ሳያንኳኩ ገቡ።

«ጾታ!» አሉ።

«ምን አሉ?»

«በሰርብኛ ቅጽል ጾታ አለው! ለወንድ ልዩት፣ ለሴት ልዩታ፣ ለዕቃ ልዩቶ! ሴትየዋ ስለ ራሷ ብትናገር ኖሮ ልዩታ ትል ነበር። ልዩቶ ነው ያለችው። ሴትየዋ አይደለችም አሳየሽ፤ ዳጣው ነው!»

ይህን ብለው፣ ለማስረጃ ይሁን ከደስታ ብዛት፣ ቆጮውን ቆርሰው ዳጣው ውስጥ ነክረው ጎረሱ። በጨጓራ ምክንያት ዳጣ ካቆሙ ስምንት ዓመት አልፏቸዋል። ፊታቸው ቀላ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እጃቸውን እያራገቡ አየር ፈለጉ።

«ኃይለኛ ነው!» አሉ ሲችሉ።

አሳየሽ ስልኳን አውጥታ ከፊታቸው አጠገብ ያዘችው። የራድሚላ ፊትና የቲቸር ፊት አንድ ነበር።

«ኃይለኛ» አሉ ቲቸር እንደገና፣ አሁን በሹክሹክታ። «ኃይለኛ ሰው። ኃይለኛ አረቄ። ኃይለኛ በርበሬ። እንግሊዝኛው ስድስት ቃል የፈጀበት እኛ ጋ አንድ ነው!» የቀን መቁጠሪያውን ከኪሳቸው አውጥተው ስድስቱንም ሰረዙና አንዱን ጻፉ። እንባቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። አሳየሽም አለቀሰች፤ ዳጣ ሳትቀምስ።

ማክሰኞ ጠዋት ከራድሚላ ሁለተኛ መልእክት መጣ። አሁንም አንድ ቃል፤ ስልኩ «ዮሽ» ብሎ አነበበው። ፎቶው ላይ ያ ብልቃጥ ባዶውን ተገልብጧል፤ ከጎኑ ራድሚላ ማንኪያ ይዛ ትስቃለች።

አሳየሽ ማንም ሳይነግራት ገባት። ወዲያው ቃሪያ ለሚያመጣላት ሰው ደወለች፤ የዚህ ጊዜው ብልቃጥ ትልቁ እንዲሆን ወሰነች። ከዚያ ሰዓቷን አየች። ቢሮ ለመግባት ሃያ ደቂቃ ቀርቷታል። የጓሮውን በር ትታ በፊት በር ወጣች፤ ቲቸር አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ቲቸር» አለች ስልኩን እየዘረጋች፣ «ዮሽ ማለትስ ምን ይሆን?»

ቲቸር ኤርሳዶ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንደ አገባቡ ነው!» አሉ።

አሳየሽ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።