ግልግል ሳያልቅ ፍርድ ቤት የሚሮጡት ክቡር አቤቱታ

በየመሥሪያ ቤቱ ጸሎቱ ሳያልቅ «አሜን» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሐኪሙ መርምሮ ሳይጨርስ ሌላ ሐኪም ያማርጣል፤ ገላጋይ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ «አድልተሃል» ይላል። በብስኩት ፋብሪካው ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት የምድጃ ሠራተኛም የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊም የሆኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። የፋብሪካው ሰው ሁሉ «ክቡር አቤቱታ» የሚል ማዕረግ ሰጥቷቸዋል።

ከብስኩት አሻጊዎቹ አንዷ ግን ማዕረጉን የምትጠራው ጥርሷን ነክሳ ነበር። ኩባንያው ከማሸጊያው ጠረጴዛ ሥር በርጩማዎቹን አንስቶ «ቆማችሁ ሥሩ» ሲል፣ እሷና ስምንት ጓደኞቿ ካርቶን ገልብጠው ተቀመጡ። በማግስቱ ተባረሩ። ጉዳዩ ለሦስት የግልግል ዳኞች ተሰጠ። የእሷ ምኞት አንድ ነበር፤ ሰዎቹ ቶሎ ጨርሰው ወደ ሥራዋ እንዲመልሷት። እቤት ሁለት ልጆችና የታመመች እናት እጇን ያያሉ።

ክቡር አቤቱታ መቼ ያስጨርሱና። የግልግሉ ሰብሳቢ ሰዓቷን ካየች፣ ፍርድ ቤት። የኩባንያው ጠበቃ ነፋሻው መስኮት ጋ ከተቀመጠ፣ ፍርድ ቤት። አንድ ቀን ሻይ ለኩባንያው ወገን ቀድሞ ቀረበ ብለው አራት ገጽ ጻፉ፤ በዚያ ሰበብ ግልግሉ ሁለት ሳምንት ተጓተተ።

«ጋሼ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ሰዎቹ ይጨርሱ» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ያልተገላበጠ ያርራል» አሏት፤ የምድጃ ሰው አይደሉ።

«የቸኮለስ?»

«እሱ አፍሶ ይለቅማል» ብለው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ፤ ወደ ፍርድ ቤት።

የፍርድ ቤት ዳኛዋ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ግልግሉ ሳያልቅ ፍርድ ቤት እጁን አያስገባም። አልቆ ቅር ካልዎት ይምጡ።» ሰባት ጊዜ ሄደው ሰባት ጊዜ ተመለሱ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እሳቸውን ከደረጃው ላይ ስታይ ማኅተሟን ቀለም ማስነካት ትጀምራለች እየተባለ ይወራል።

ውሳኔው ሊነበብ አንድ ቀን ሲቀረው ነገሩ ያላማረው የኩባንያው ጠበቃ በተራው ፍርድ ቤት ገባ፤ ግልግሉ ይታገድልኝ ብሎ። አሻጊዋ ይህን ስትሰማ ወሩን በጣቷ ቆጠረች። እግድ ከወጣ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ ዓመት ደግሞ እሷ ጋ የለም።

ጠበቃው ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ተራቸው ሲደርስ ክቡር አቤቱታ ከፌስታላቸው ሰባት ወረቀት አውጥተው አንድ በአንድ ደረደሩ።

«ክብርት ዳኛ፣ እኔ ግልግሉ አላለቀም ተብዬ ሰባት ጊዜ ከዚህ በር ተመልሻለሁ። ፊርማው የእርስዎ ነው። ጠበቃውም ይመለሱ፤ መንገዱ ከጠፋቸው እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

ዳኛዋ ወረቀቶቹን አገላብጠው አዩ፣ ከንፈራቸውን ገጠም አደረጉ፣ ሳቃቸው እስኪያልፍ ጠበቁና የእግዱን ጥያቄ ውድቅ አደረጉት።

በማግስቱ ውሳኔው ተነበበ፤ ዘጠኙም ይመለሱ፣ በርጩማዎቹም ይመለሱ ተባለ። አሻጊዋ ከአራት ወር በኋላ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደላት። ሰው ፊት አለቀሰች፤ አላፈረችም።

የመመለሻ ቅጿን ልትሞላ የሰው ኃይል ሹሙ ዘንድ ስትገባ፣ ሹሙ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጣል አደረገላት። «የእናንተ ጸሐፊ ዘንድሮ የዓመት ዕረፍት የላቸውም። ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ጨርሰውታል።»

እሷ እስከዚያች ቀን ማኅበሩ በሥራ ሰዓት የሚልካቸው ይመስላት ነበር። ለካ ለእያንዳንዱ ውድቅ አቤቱታ ከገዛ ዕረፍታቸው ቀን ቆርሰው ነው። አሁን ዓመቱን ሙሉ ያ ምድጃ ፊት መቆማቸው ነው። ስትረግማቸው የከረመችው ሁሉ አንጀቷን በላት።

በበነጋው ዘጠኙም ሴቶች የሹሙን ክፍል ሞሉት። ከእያንዳንዳቸው ዕረፍት አንድ አንድ ቀን ለክቡር አቤቱታ ይተላለፍልን የሚል ማመልከቻ አቀረቡ። ሹሙ መነጽሩን ጠርጎ አደረገና ማንበብ ጀመረ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ፣ «እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት ነው የምንሄደው» አለችው አሻጊዋ።